አዲስ አበባ ወይስ ሐዋሳ፦ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የቱ ያዋጣል?

ጠያቂ፦ መስመር ዘርጊ (ጀሞ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ በደረጃ 4 የብቃት ምዘና ወስጄ ያለፍሁ ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ በወር 20,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ተቀጥሬ የምሠራ ሲሆን፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የቤት ዝርጋታና የጥገና ሥራ በግሌ እየያዝሁ ገቢዬን እደጉማለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ትንሹ ዘንድሮ እዚያው ቅድመ መደበኛ ጀምሯል። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ለሰፈራችን ሱቆችና ለአንድ ምግብ ቤት ታስረክባለች።

ሰሞኑን፣ ቀደም ሲል አብረን የሠራን አንድ መሐንዲስ ሐዋሳ ላይ ወደ ማጠናቀቂያው የደረሰ ሆቴል የኤሌክትሪክ ሥራውን እንድመራለት ጠይቆኛል። ያቀረበልኝ ደመወዝ 16,000 ብር ነው፤ ሆቴሉ አገልግሎት ሲጀምርም በጥገና ክፍል ሊያስቀሩኝ እንደሚችሉ ነግሮኛል። በወረቀት ላይ ሲታይ 4,000 ብር መቀነስ ነው። ይሁን እንጂ አሁን ያለሁበትም የሚያዋጣ ሆኖ አልታየኝም። ጀሞ ግቢ ውስጥ ላሉ ሁለት ክፍሎች በወር 8,500 ብር እከፍላለሁ። የምሠራበት ሳይት አያት በመሆኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወጥቼ በሦስት ታክሲ እሄዳለሁ፤ ማታም በዚያው መንገድ ተሰልፌ እመለሳለሁ። ለመንገድ ብቻ በወር 2,500 ብር ያህል ይወጣል። ስወጣ ልጆቼ ተኝተዋል፤ ስመለስም ብዙውን ጊዜ ተኝተው አገኛቸዋለሁ።

ሁለቱን ከተሞች የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ «ሐዋሳ ርካሽ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም። ርካሽ የሆነው ምኑ ነው? ከደመወዝ ውጭ በፖይንትም (በእያንዳንዱ የመብራት፣ የሶኬትና የማብሪያ ነጥብ ሒሳብ) ሆነ በቁርጥ (ለሙሉ ሥራው በአንድ ዋጋ) የሚያዝ ሥራ እንደ አዲስ አበባ ይገኛል ወይ? የቤት ኪራይ፣ የምግብና የትምህርት ቤት ወጪስ እንዴት ነው? በተለይም በሙያ ለይታችሁ ብትነግሩኝ እወዳለሁ፤ የግንበኛና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገቢ በአንድ ሚዛን የሚታይ አይመስለኝምና።

መልስ፦ የቧንቧና ሳኒተሪ ሠራተኛ (ሐዋሳ፣ ታቦር)

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በሙያ ለይተህ ማቅረብህ ተገቢ ነው። እኔ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ብሆንም አዲስ አበባ ሰሚትና ገርጂ አካባቢ ከአንድ ሳኒተሪ ንዑስ ተቋራጭ ጋር ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ሁለቱንም ከውስጥ አውቃቸዋለሁ።

በሐዋሳና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የክፍያ ልዩነት በሁሉም ሙያ አንድ ዓይነት አይደለም። ግንበኛ፣ ለሳኝና አናጺ እዚህ ብዙ ነው፤ ከወላይታ፣ ከሐድያ፣ ከከምባታና ከሲዳማ ወረዳዎች በየጊዜው ወጣቶች ስለሚመጡ ጠዋት ሰው የሚቀጠርበት ቦታ ላይ የሚሰበሰበው ሙያተኛ ከሚፈለገው በላይ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሙያዎች የእጅ ዋጋ ከአዲስ አበባ በእጅጉ ዝቅ ይላል። በአንጻሩ የማከፋፈያ ሰሌዳ በትክክል የሚያስር፣ ንድፍ አንብቦ የሚሠራ፣ የጄኔሬተር ማቀያየሪያ የሚገጥም ባለሙያ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ሊፍትና ትልልቅ ጄኔሬተር ሲበላሽ ባለሙያው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ባለቤቱም የመንገድና የአልጋ ወጪውን ጨምሮ ይከፍላል። አንተ እዚህ ተቀምጠህ ያንን ሥራ መሥራት የምትችል ከሆነ ልዩነቱ በጣም ይጠባል። የቤት ዝርጋታ ብቻ የምትሠራ ከሆነ ግን ተወዳዳሪህ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀን ዋጋና የሥራ ቀን ቁጥር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በቀን 1,500 ብር እየተከፈለው በወር 16 ቀን ቢሠራ 24,000 ብር ያገኛል፤ ሌላው በ1,100 ብር 22 ቀን ቢሠራ 24,200 ብር ያገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሳይት ወደ ሌላው እስክንሸጋገር ድረስ ብዙ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀመጥ ነበር፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ዋናው ተቋራጭ የክፍያ ሰርተፍኬቱ (ለሠራው ሥራ ገንዘብ የሚጠይቅበት ሰነድ) እስኪጸድቅለት ድረስ ንዑስ ተቋራጩ አይከፈለውም፤ እሱ ካልተከፈለው ደግሞ እኛም አንከፈልም። ሐዋሳ የጥገና ሥራው ትንሽ ትንሽ ቢሆንም አይቋረጥም፤ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ስለምትነጋገር ገንዘቡን በዕለቱ ትቀበላለህ። ይህ ግን ለታወቀ ሰው ነው። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ሥራ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። አንድ ሰው ቤት የሠራኸው ሶኬት ጥሩ ከሆነ ጎረቤቱ ይጠራሃል፤ አዲስ መጪ ከሆንክ ግን ይህ እስኪመጣ ድረስ መታገሥ ይኖርብሃል። ስለዚህ የእሑድ ገቢህ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም እንደሚቀንስ አድርገህ አስላ።

የዋጋ አወሳሰኑም ይለያል። አዲስ አበባ የግል ቤት አሠሪ በፖይንት መዋዋል ለምዷል፤ እዚህ አብዛኛው ሰው «ቤቱን ሙሉውን በስንት ትጨርሰዋለህ?» ብሎ በቁርጥ ነው የሚጠይቅህ። በቁርጥ ስትይዝ ግድግዳ መፈልፈሉን፣ ኮንዲዩት (የገመድ ማሳለፊያ ቧንቧ) መቅበሩን፣ ቦክስ መትከሉንና ገመድ መሳቡን ለየብቻ ቆጥረህ ካልገባህበት፣ በኋላ «ይህንንም ጨምርልኝ» በሚል የሚመጣው ሥራ ትርፍህን ይበላዋል። ዕቃውን ባለቤቱ ይግዛ፤ አንተ እጅህን ብቻ ሽጥ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ገመድ፣ ብሬከርና የፕላስቲክ ቧንቧ ዋጋቸው ሳይታሰብ ይለዋወጣል፤ ሐዋሳ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ደግሞ ከመርካቶ የሚመጣ ስለሆነ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። ዕቃና እጅ አንድ ላይ በቁርጥ የያዘ ሰው ኪሳራው በራሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ላንሳ፤ ሐዋሳ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያነሳው እሱን ነውና። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት ትልቅ ተስፋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ ቀረጥ ነጻ ገበያ ስትወጣና አንዳንድ ድርጅቶች ለቀው ሲሄዱ ግን የብዙ ሰው ሥራ ተነካ። የስፌት ሠራተኞቹን ደመወዝ ከአንተ ሙያ ጋር አታነጻጽረው፤ እነዚያ ልጆች የሚከፈላቸው በጣም አነስተኛ ነው። ፓርኩ ውስጥ የጥገና ኤሌክትሪክ ሠራተኛና የቦይለር ባለሙያ ይቀጠራል፤ ክፍት ቦታ ሲወጣ ተወዳደር እንጂ ተስፋህን በሙሉ በእሱ ላይ አትጣል። ይርጋለም ያለው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም ለጥገና ባለሙያ ሌላ በር ነው።

ኪራይን በተመለከተ፣ ከመሀል ከተማና ከሐይቅ ዳር ራቅ ብለህ ዳቶ ወይም ቱላ አቅጣጫ ብትፈልግ አንተ አሁን የምትከራየውን ዓይነት ሁለት ክፍል በ5,000 ብር አካባቢ ልታገኝ ትችላለህ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች የሚከፍሉት ያንን ያህል ነው። ለፓርኩ ቅርብ የሆኑት ሰፈሮች ላይ ሠራተኞቹ ተጋርተው ስለሚከራዩ ክፍል እንደ ልብ አይገኝም። ምግብ ላይ ሰው እንደሚያወራው አይደለም፤ ዓሣ፣ አቮካዶ፣ ሙዝና ቆጮ እዚህ ይረክሳሉ፤ ጤፍ፣ ዘይትና ስኳር ግን ከሌላ ቦታ ስለሚመጡ የረባ ልዩነት የላቸውም። ቤተሰብህ እንጀራ በሊታ ከሆነ ከአስቤዛው ብዙ አታተርፍም። የምታተርፈው ከመንገዱ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ እኔ የመፍቻ ሳጥኔን ከብስክሌቴ ኋላ አስሬ ከቤቴ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ዝናብ ሲሆን ባጃጅ እይዛለሁ። ምሳዬን ቤቴ ገብቼ የምበላበት ቀን ብዙ ነው።

የወባ ትንኝ እንዳለ ደግሞ አትርሳ። አጎበር ያስፈልጋችኋል፤ ልጆቹ ሲያተኩሳቸው ሳትዘገይ አስመርምራቸው።

መልስ፦ የደመወዝ መዝገብ ሠራተኛ (ቦሌ ቡልቡላ)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የዕለት ሥራዬ ለግንባታ ሠራተኞች የደመወዝ መዝገብ ማዘጋጀት ስለሆነ በቁጥሩ በኩል ልርዳዎት። ሁለቱን ደመወዞች ባልተጣራው ማወዳደር ያሳስትዎታል።

ከ2018 በጀት ዓመት ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ በየደረጃው እያደገ ይሄድና ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ይከፈልበታል። የእርስዎ 20,000 ብር ግብሩ 4,950 ብር ነው፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 1,400 ብር ሲጨመር የሚቀርዎት 13,650 ብር ይሆናል። የሐዋሳው 16,000 ብር ግብሩ 3,550፣ ጡረታው 1,120 ሆኖ የሚቀርዎት 11,330 ብር ነው። ስለዚህ ልዩነቱ 4,000 ሳይሆን 2,320 ብር ነው ማለት ነው።

አሁን ከዚህ ላይ የነገሩንን ኪራይና መንገድ ይቀንሱ። አዲስ አበባ ከ13,650 ላይ 8,500 እና 2,500 ሲነሣ በእጅዎ የሚቀረው 2,650 ብር ብቻ ነው። ሐዋሳ ከ11,330 ላይ ባልደረባችን የጠቀሱት 5,000 ብር ኪራይ ሲነሣና ወደ ሥራ በእግር ወይም በብስክሌት ይሄዳሉ ብንል 6,330 ብር ይቀራል። በደመወዙ ብቻ ካየነው ሐዋሳ በ3,680 ብር ይበልጣል። ነገር ግን ይህ ሒሳብ ሌላም ነገር ያሳያል፦ በ2,650 ብር አራት ሰው በወር መመገብ ስለማይቻል፣ ዛሬ ቤታችሁን ያቆመው የባለቤትዎ እንጀራና የእርስዎ የእሑድ ሥራ ነው። ወደ ሐዋሳ ሲሄዱ ለጊዜውም ቢሆን የሚቋረጡት ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ባለቤትዎ በወር ከጤፍና ከመብራት ወጪ በኋላ ስንት እንደሚተርፋቸው፣ እርስዎም ከእሑድ ሥራ በአማካይ ስንት እንደሚያገኙ ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። የሁለቱ ድምር ከ3,680 ብር በላይ ከሆነና ሐዋሳ ላይ ምትክ ካልተገኘለት ጉዞው አያዋጣም።

ልጆቹን በተመለከተ ብዙ ሰው በገንዘብ የማይቆጥረው ነገር አለ። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለቱም ልጆችዎ ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፤ የደንብ ልብስና ደብተርም በከተማ አስተዳደሩ ይሸፈናል። ይህ ቢቋረጥ የሁለት ልጅ የቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ወደ እርስዎ ጓዳ ይመለሳል። እባክዎ ይህንን በዝርዝር ይተምኑት፤ እኔ እናት ስለሆንኩ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ስለሆነ ልጅዎ በየትኛው ቋንቋ እንደምትማር፣ በአማርኛ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ለምትከራዩበት ሰፈር ቅርብ መሆኑንም አስቀድመው በአካል ሄደው ይጠይቁ። የግል ትምህርት ቤት ከገባችሁበት ከላይ የጻፍኩት ሒሳብ እንዳለ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሠሪው በመዝገብ ላይ ዝቅተኛ ደመወዝ አስመዝግቦ ቀሪውን በእጅ ልስጥዎት ቢል አይቀበሉ። በወሩ መጨረሻ ኪስዎ የሚገባው የጨመረ ቢመስልም አሠሪው ለጡረታዎ የሚያዋጣው 11 በመቶ የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ ላይ ነው፤ የትርፍ ሰዓትዎና የሕመም ፈቃድ ክፍያዎም በክርክር ጊዜ የሚታየው በወረቀት ባለው ነው።

መልስ፦ በያጅ (ሐዋሳ፣ መናኸሪያ)

እኔ በርና መስኮት የምሠራ በያጅ ነኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ገቢዬን የሚወስነው የካሬው ዋጋ ሳይሆን መብራት የሚኖርበት ሰዓት ሆኗል። ኃይል ሲቋረጥ ማሽኔ ይቆማል፤ ረዳቶቼ ግን ምሳቸውን ይበላሉ፣ የወርክሾፑ ኪራይም ይቆጥራል። ጄኔሬተር ብጠቀም የነዳጁ ዋጋ ትርፉን ይወስደዋል። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሠራተኛ አብዛኛውን ሥራውን በእጁ ስለሚሠራ በዚህ ያን ያህል አይጎዳም፤ እንዲያውም መብራት በተመላለሰ ቁጥር የሚቃጠለው ዕቃ ለእናንተ ሥራ ያመጣል። ሌሎች ሙያተኞች ይህን ውይይት አንብባችሁ በጅምላ እንዳትወስኑ ብዬ ነው።

መልስ፦ መስመር ዘርጊ (ጀሞ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኅቴ የሠራሽልንን ሒሳብ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። የእሷ እንጀራና የእኔ የእሑድ ሥራ ሲደመር ከጠቀስሽው 3,680 ብር በላይ ነው፤ ስለዚህ መላው ቤተሰብ ወዲያውኑ ተጠራርጎ መሄዱ እንደማያዋጣ ተረድተናል። የልጆቹን ምገባም እንደ ገንዘብ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

መሐንዲሱን ደውዬ ስጠይቀው፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሳይቱ ላይ ማደሪያ ክፍል እንደሚሰጡኝና ሆቴሉን ለመክፈት ስለሚጣደፉ እሑድም እንደሚሠራ ነገረኝ። ስለ ጥገና ክፍሉ ግን «ያኔ እናያለን» ነው ያለኝ። ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እኔ ብቻዬን ቀድሜ ሄጄ ቤተሰቤን ጀሞ ላይ ባቆይ የሁለት ቦታ ኑሮ ወጪውን ይቋቋመዋል ወይ? ሁለተኛ፣ ባለቤቴ እዚያ ብትሄድ እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ ያዋጣል ወይ? ደንበኛ ሊገኝ እንደሚችል እገምታለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ የቆጣሪው ነገር ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ፎርማን (ሳሪስ)

ወንድሜ፣ እንዳንተው ለሆቴል ማጠናቀቂያ ሥራ ሐዋሳ ሄጄ፣ ቤተሰቤን አዲስ አበባ ትቼ ቆይቻለሁ። የተመለስኩት ፕሮጀክቱ ስላለቀና በጥገና ክፍል የቀረበልኝ ደመወዝ በግንባታው ጊዜ ከነበረው በጣም ስላነሰ ነው። ከተማዋን ግን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሁለት ቦታ ኑሮ። ማደሪያ ከተሰጠህ የሚጨምርብህ ወጪ ምግብና መንገድ ነው። ርቀቱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሰው በየሳምንቱ የሚመላለስ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን እሑድ እየተሠራ በየሳምንቱ መምጣት አይቻልም፤ ብትመጣም የትራንስፖርቱና ባዶ እጅ ላለመግባት የምትገዛው ነገር የእሑዱን ገቢ ይወስደዋል። በወር አንድ ጊዜ ብለህ ወስን፤ ያንንም እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ መብት በውሉ ላይ አስፍረው። ለምሳ ሳይቱ ላይ ተጋርታችሁ የምታበስሉ ከሆነ ይቀላል፤ በየቀኑ ምግብ ቤት ከበላህ ግን ከጀሞው የታክሲ ወጪ የተረፈህ ገንዘብ እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው። «እሑድም ይሠራል» ያሉህን በነጻ እንዳትወስደው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሥራ ቀን ቀን ላይ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የ16,000 ብር ደመወዝ በወር ለ208 ሰዓት (48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ተካፍሎ) ሲካፈል የአንድ ሰዓቱ ዋጋ ወደ 77 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ እሑድ 8 ሰዓት ብትሠራ ወደ 1,230 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ 35 በመቶው ግብር ሲነሣ 800 ብር አካባቢ ይገባሃል። ጀሞ ላይ በእሑድ የግል ሥራህ ከዚህ በላይ ታገኝ ከነበረ፣ ደመወዙን ስትደራደር ይህንን ልዩነት ይዘህ ቅረብ። «ያቺን እሑድ እያጣሁ ነው የምመጣው፤ ስለዚህ 16,000 አያንቀሳቅሰኝም» ማለት ነውር የለውም። ሆቴሉን ለመክፈት ቀን የቆረጠ ባለሀብት ሰሌዳውን የሚያስርለት ባለሙያ ከሚያጣ ጥቂት ሺህ ብር ቢጨምር ይመርጣል።

ስለ ጥገና ክፍሉ «ያኔ እናያለን» የሚለውን መልስ እኔም ሰምቼዋለሁ። ለተወሰነ ሥራ የተደረገ ውል ሥራው ሲያልቅ በሕግም ያልቃል፤ ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ አድርገህ ተመልከታቸው። ግንባታው ለብቻው የሚያዋጣህ ከሆነ ሂድ፤ የሚያዋጣህ ጥገናው ሲጨመር ብቻ ከሆነ የጥገናው ደመወዝ፣ የሰርቪስ ቻርጅ (ከእንግዶች ሒሳብ ላይ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ) ድርሻና የምግብ አቅርቦት አሁኑኑ በጽሑፍ ካልተሰጠህ በቀር ቤተሰብህን አታንቀሳቅስ። ማደሪያው እስከ መቼ እንደሆነም ይጻፍ፤ ክፍሎቹ መጋረጃና አልጋ ሲገባባቸው መጀመሪያ እንድትወጣ የሚነገርህ አንተ ነህ።

ከመሄድህ በፊት የባለሙያ ብቃት ማረጋገጫህን በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በኩል አሳድስ። የፌዴራል ወረቀት ስለሆነ ሁለቱም ከተማ ላይ ይሠራል፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ ከቤት ዝርጋታ ከፍ ያለውን ሥራ ለመያዝ ይጠቅምሃል።

መልስ፦ የቧንቧና ሳኒተሪ ሠራተኛ (ሐዋሳ፣ ታቦር)

የባለቤትህን ጉዳይ እኔ ልመልስ፤ የእኔም እኅት እዚሁ እንጀራ ታስረክባለች። ደንበኛ አለ። ሆቴሎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመገቡባቸው ቤቶችና የፓርኩ ሠራተኞች የሚገዙባቸው ሱቆች በየቀኑ ይወስዳሉ። ችግሩ በብድር መውሰዳቸው ነው፤ እኅቴ ከአንድ ሳምንት በላይ ለሚያቆይ ቤት አታስረክብም።

ቆጣሪው ላይ ያለህ ስጋት ትክክል ነው። የመብራት ታሪፉ ለመላው ሀገር አንድ ስለሆነ በከተማ አይለያይም፤ ነገር ግን ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ በየደረጃው ከፍ ይላል፤ ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለአራት ዓመት ቀስ በቀስ እንዲያድግ የተወሰነ ነው። እዚህ አንድ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። አንድ ቤት በየቀኑ ምጣድ ከጣደ የግቢው ፍጆታ በሙሉ ወደ ላይኛው ደረጃ ይገባና ሌላው ተከራይም በውድ ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ይጀመራል፤ በመጨረሻም አከራዩ ምጣድ ይከለክላል። እኅቴ ሁለት ቤት የቀየረችው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ያለችበት ለብቻው ቆጣሪ ያለው ቤት ነው፤ ኪራዩ ከሌሎቹ 1,500 ብር ያህል ቢበልጥም ሥራዋ ሳይቆም ስለሚሄድ ያዋጣታል።

ስለዚህ የ5,000 ብሩን ኪራይ ለእናንተ 6,500 ብር አድርጋችሁ አስሉት። ቤት ስታይ መስመሩን አንተው ራስህ ፈትሸው፤ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ የተዘረጋው ገመድ ብዙ ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ምጣድ ሲጣድበት ይሞቃል፤ ውፍረቱንና ብሬከሩን ሳታይ አትዋዋል። በኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ደላላው ከዚህ በላይ ከጠየቀህ እምቢ በል። ስትዋዋሉ ደግሞ «ለእንጀራ መጋገሪያ ምጣድ መጠቀም ይፈቀዳል» የሚለው ይጻፍ፤ በገባችሁበት ቀን የነበረው የቆጣሪ ንባብም ከሥሩ ይስፈር።